የመኪናዬን መብራት ወደ ቦታው ለመለሰልኝ ወንድሜ

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ የመኪና መስታወት ፊልም የሚለጥፍ አንድ ሐበሻ ወንድም አለ። ዛሬ የምጽፈው እሱን ለማመስገን ነው። በዚያውም ቲንት (ይኸው ጠቆር ያለ ፊልም) ልታስደርጉ ያሰባችሁ፣ በተለይ እንደኔ ውሏችሁም ምሽታችሁም መሪ ላይ የሆነ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

የምተዳደረው ሰው በማመላለስ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ኤርፖርት ለኤርፖርት። ባለፈው ሐምሌ ፀሐዩ አስመረረኝ። በመስኮቱ በኩል ያለው ግራ ክንዴ ከቀኙ ለይቶ ጠቆረ። አንድ ቤት ሄጄ ሁሉንም መስታወት ፊልም አስለጠፍኩ። የፊተኛውንም ትልቁን ጭምር። «35 ፐርሰንት ነው፣ አይከብድም» አሉኝ። አመንኳቸው። እውነት ለመናገር ሙቀቱ ቀነሰልኝ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ የፊት መብራቴ በርቷል። የዳሽቦርዱ ቁጥሮች ደብዝዘው ፍጥነቴን ማየት አቃተኝ። የካርታው ስክሪን ደግሞ ወደ ጥቁሩ የማታ መልኩ ተቀይሯል። መኪናዬ መሽቷል ብላ አምናለች።

ጋራዥ ወሰድኳት። ብርሃንና ጨለማን የሚለየው ሴንሰር ሞቷል፣ ይቀየር አሉኝ። ዋጋውን ሰምቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር እስካሁን ያስደነግጠኛል። መብራቱን በራሱ ከሚበራበትና ከሚጠፋበት ከአውቶ አውጥቼ ዘጋሁት። ሲመሽ በእጄ አበራዋለሁ ብዬ ነው።

መኪና ሲነሳ ከፊት በራሱ የሚበራ የቀን መብራት አለ፤ ታውቁታላችሁ። ያ መብራት ሌላው ሰው እኛን እንዲያየን ነው እንጂ እኛ መንገድ እንድናይበት አይደለም። በብዙ መኪና ላይ ደግሞ እሱ ብቻ ሲበራ የኋላው መብራት ጨርሶ አይበራም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

አንድ ምሽት ከሬገን ኤርፖርት አንዲት እናት ከነሕፃን ልጇ ጫንኩ። ከተማው መብራት በመብራት ነው። ዳሽቦርዴም ይበራል፣ ከፊቴም ትንሽ ብርሃን አለ። መብራት ያላበራሁ መሆኔ በጭራሽ አልታወሰኝም። ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ላይ ስገባ፣ መንገዱ ጨለማ መሆኑን የሚሄድበት ያውቀዋል፣ ከኋላዬ የመጣ መኪና ድንገት ፍሬን ያዘ። ረጅም መብራት ደጋግሞ አበራብኝ። ከዚያ ጎኔ መጥቶ ጥሩምባውን እየነፋ በእጁ ወደ ኋላዬ አመለከተኝ። የመጀመሪያው መውጫ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ወርጄ መኪናዬን ከኋላ አየኋት። ድፍን ጨለማ። ሕፃኑ ውስጥ ተኝቷል። እግሬ ተንቀጠቀጠ።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። ካናዳ ከ1989 መጨረሻ በኋላ ለሚሠሩ መኪኖች የቀን መብራትን ግዴታ አድርጋለች። ውሎ አድሮ ግን ከፊት እየበሩ ከኋላ የማይታዩ መኪኖች ስለበዙ፣ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ለሚሠሩት አዲስ ደንብ አወጣች። ወይ የኋላውም መብራት አብሮ ይበራል፣ ወይ ሲጨልም ሁሉም በራሱ ይበራል፣ ወይ ደግሞ ሹፌሩ እንዲነቃ ዳሽቦርዱ ጨለማ ይሆናል።

በነጋታው አንዲት ጓደኛዬ ወደዚህ ወንድም ላከችኝ። ሄጄ ታሪኩን ስነግረው አላቋረጠኝም። ከዚያ ምንም መሣሪያ ሳያነሳ መኪናው ውስጥ ገባና «እህቴ፣ ይቺን ጨርቅ ትንሽ ላንሳት?» አለኝ። እናቴ ከአገር ቤት የላከችልኝ ጥለት ያለው ጨርቅ ዳሽቦርዱ ላይ ተነጥፏል። ጫፉን በጥንቃቄ አጠፈው። ከሥሩ ጥቁር፣ ክብ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር ብቅ አለች። ግማሿን ጨርቁ ሸፍኗት ኖሯል። ስንት ዓመት የነዳሁት መኪና ነው፤ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም።

«መኪናሽ ቀንና ማታን የምትለየው በዚች ዓይን ነው» አለኝ። ሞተር አስነሳ፣ መብራቱን ወደ አውቶ መለሰው። ጨርቁ ተነስቶም መብራቱ እንደበራ ነው። ከዚያ የእጅ ባትሪውን አውጥቶ ብርሃኑን ቀጥ አድርጎ ቁልፏ ላይ ያዘ። ጥቂት ሰኮንድ ጠበቅን። የፊት መብራቱ ጠፋ፣ የዳሽቦርዱ ቁጥሮች ቦግ አሉ። ባትሪውን አነሳ። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ተመልሶ በራ። «ሴንሰርሽ ጤነኛ ነው። ያየውን ነው የሚናገረው» አለኝ። ይቀየር የተባለው ሴንሰር እኮ ነው ይሄ!

ቀጥሎ የብርሃን መለኪያውን ከፊት መስታወቱ ውስጥና ውጪ አድርጎ ለካ። 27 ወጣ። 35 ነው ተብዬ ነበር አልኩት። አስረዳኝ። 35 ማለት ፊልሙ ለብቻው ከመቶ የሚያሳልፈው ብርሃን ነው። መስታወቱ ራሱ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ከመቶ 80 የማይሞላ ነው የሚያሳልፈው። ሁለቱ ሲደራረቡ 27 ወይም 28 ይቀራል። ሴንሰሯ የምታየው በፊት መስታወት በኩል ሽቅብ ወደ ሰማይ ስለሆነ፣ ከሩብ ብዙም ያልበለጠ ብርሃን ነው የሚደርሳት። በዚያ ላይ የእናቴ ጨርቅ አለ። እንዴት አይመሽባት!

የጎን መስታወት ፊልም ግን ሴንሰሩን ብዙም አይነካውም። አንዳንድ መኪና ላይ ሴንሰሩ ያለው ዳሽቦርድ ላይ ሳይሆን ከኋላ ማሳያው መስተዋት ጀርባ፣ ከዝናብ ሴንሰሩ ጋር ነው። እዚያ ከሆነ ከላይ የምትለጠፈው ጠባብ ጥቁር ፊልምም ልትሸፍነው ትችላለች። ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት «ሴንሰሩ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠሪው ካላወቀ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እኔም አንድ ነገር ጠየቅኩት። ቶዮታ ላይ የሴንሰሩን ስሜት በሴቲንግ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል ሲባል ሰምቼ ነበር። ፊልሙን ትተን እሱን ብታስተካክልልኝስ? «ይቻላል፣ ግን አላደርገውም» አለኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ የፊት መስታወት ላይ፣ ከላይ ካለችው ጠባብ ክፍል በቀር፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ ፊልም አይለጠፍም። በሴዳን መኪና የፊት በሮች መስታወት ከ50 በታች መውረድ የለበትም፣ የኋላዎቹ ከ35። ሜሪላንድ የፊቱም የኋላውም በር 35 ነው። ዲሲ ደግሞ የፊት በሮቹ 70፣ የኋላዎቹ 50። ሁሉም የሚለካው ፊልሙና መስታወቱ ተደምሮ ነው። «ማታ በዝናብ እግረኛ ሳታዪ ብትቀሪ እኔም አለሁበት» አለኝ። ብር ሊያገኝበት የሚችለውን ሥራ እንቢ ብሎ ነው ይህን የተናገረኝ። እኔ በዚህ ቃል ነው ሰውየውን የወደድኩት።

የፊተኛውን ፊልም በእንፋሎት እያሞቀ ላጠው። ውኃው ወደ ሴንሰሩና ወደ ሽቦዎቹ እንዳይወርድ ዳሽቦርዱን በወፍራም ፎጣ ሸፍኖ ነው የሠራው። የቀረውን ሙጫ አንድ በአንድ አጸዳ። የቀሩት መስታወቶችም ከሕጉ በታች ስለነበሩ ፊልማቸውን አንስቶ ነጣ ያለ ሴራሚክ የሚባል ፊልም ለጠፈልኝ። ሙቀት የሚከለክለው ጥቁረቱ ብቻ አይደለም። ጥሩ ሴራሚክ ነጣ ብሎም ሙቀት ይከለክላል። ብረት ያለበት ፊልም ደግሞ የመንገድ ክፍያ የምንከፍልበትን ኢዚፓስና ጂፒኤስ ሊያውክ ስለሚችል እንደኔ በሥራ ላይ ላለ ሰው እንደማይመክር ነገረኝ።

ሲጨርስ ወደ ውጪ አወጣናት። የፀሐይ ብርሃን ላይ መብራቱ ጠፍቷል። ሴንሰሯን በመዳፉ ሸፈነ፤ ከፊትም ከኋላም በራ። እኔን ወደ ኋላ ወስዶ ቀዩን መብራት አሳየኝ። «አሁን ከአውቶ እንዳታወጪው» አለኝ። የእናቴን ጨርቅም ሴንሰሯን እንዳይነካ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ አስተካክሎ መለሰልኝ። ያስከፈለኝ የሠራበትን ብቻ ነው። ለምርመራው ሰባራ ሳንቲም አልተቀበለኝም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ያቺ እናትና ልጇ አያውቁህም፣ እኔ ግን ስለ እነሱም ጭምር አመሰግንሃለሁ።

ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ቅዳሜ በጣም ስለሚጨናነቅ በሥራ ቀን ደውሉለት፤ ስትሄዱም ዳሽቦርዳችሁ ላይ የተነጠፈ ነገር ካለ ቀድማችሁ አንሱት።