የክለባችንን የእራት ምሽት ላሳመረችልን እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

የብስክሌት ክለባችን ዓመታዊ የእራትና የሽልማት ምሽት ቅዳሜ ተካሄደ። ደስታው እስካሁን አለቀቀኝም። ዝግጅቱን ያስተባበረችልንን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ቅር ይለኛል።

እኔ ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ያለፉት ዓመታት ንዴት አልወጣልኝም። አንዱ አዘጋጅ ጋ ሞንታርቦው እየተቆራረጠ የተሸላሚዎቹን ስም የሰሙት ፊት የተቀመጡት ብቻ ነበሩ። ሌላው ጋ እራቱ ከመዘግየቱ የተነሳ ልጆች የያዙ ሰዎች ሽልማቱ ሳይጀመር ሄዱ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የዋንጫው ነገር ነው። የዓመቱን ውድድር ያሸነፈችው ልጅ ስም ተሳስቶ ተቀርጾ መጣ። ይስተካከል ብንል "ማን ያየዋል?" ተባልን። እሷ ታየዋለቻ! በብርድ፣ በዝናብ፣ ጎህ ሳይቀድ እየወጣች ያገኘችው ዋንጫ እኮ ነው። ሂሳቡን ግን ሳይቀንሱ ተቀበሉን።

የዘንድሮዋ አስተባባሪያችን ግን ስንገናኝ መጀመሪያ የጠየቀችን "ማን ነው የሚሸለመው? ለምን?" ብላ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ተሸላሚ ጋ ደውላ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍና እንደሚጠራ አረጋገጠች። ከድምፅና ከመብራት ባለሙያዎቹ ጋር ምን እንደተነጋገረች አልገባኝም። ብቻ የመጨረሻው ጠረጴዛ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ አባል አሉን። በቡድን ስንጋልብ ሁሌ ከኋላ ናቸው። አቅም አንሷቸው አይደለም፤ የደከመ ሰው ብቻውን እንዳይቀር ብለው ነው። ከሰው ጀርባ ሲጋልቡ ነፋሱን የፊተኛው ይሰብራል። ከቡድኑ የተነጠለ ሰው ግን ጉልበቱ ባለቀበት ሰዓት ነፋሱን ብቻውን ይጋፈጣል። ያኔ ጋሼ ከፊቱ ገብተው እየከለሉ ይመልሱታል። እኔንም ስንቴ መልሰውኛል።

ዘንድሮ ጉልበታቸውን ታመው በከዘራ ነው የመጡት። የመድረኩ ደረጃ ደግሞ ቁልቁለትም ዳገትም ነው። ተራቸው ሲደርስ የመድረክ መሪው ማይኩን ይዞ እሳቸው ጠረጴዛ ድረስ ወረደ። መብራቱም ተከተለው። "ትልቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስ፣ ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመሪው ቢጫ ማልያ ያለብሳል" አለ። "ለዳገት ጀግናውም የራሱ ማልያ አለው። ከኋላ ሆኖ ሰው ለሚሰበስብ ግን ማልያ የለም። እኛ ጋ ዛሬ አለ።" ክለቡ ያሰፋላቸውን ማልያ እዚያው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸው። አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ደረጃውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ይህን ያሰበችው እሷ ናት። በኋላ ሳመሰግናት "ሲገቡ እኮ አየኋቸው" አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ያለችው።

አባቴ እግሩን ከታመመ ወዲህ ሰርግ መሄድ ትቷል። ሰው እያየው ደረጃ ላይ መደናቀፍ ያሳፍረዋል። አንድ እንደሷ ያለ አስተባባሪ ቢያጋጥመው ኖሮ ስል እንባዬ መጣ።

የክለብ እራትም ይሁን ምርቃት ወይም የጡረታ ሽኝት፣ ደግሳችሁ ሰው የምትጠሩ ሁሉ፣ እባካችሁ እሷን አናግሩ። እደግመዋለሁ፣ እሷን አናግሩ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አስፈቅጄ ስልኳን እልክላችኋለሁ። ቀን ቶሎ ስለሚያዝባት አትዘግዩ። የእኛን የከርሞውን ምሽት ከወዲሁ አስይዘናል።