ባሊስቶልና አዛጊ ጥይት፦ የስምንት ወር አጠቃቀም በሞሲን ናጋንት ላይ

ባለ 500 ሚሊ ሊትሩ ባሊስቶል የጠመንጃ ዘይት፣ የሚረጨው ሳይሆን በቆርቆሮ የሚሸጠው ፈሳሽ፣ ለስምንት ወር ሞሲን ናጋንት 91/30 በተባለ አንድ የሶቪየት ጠመንጃ ላይ ብቻ ውሏል። ተኩሱ በወር ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 40 ጥይት ያህል ነው፤ ጥይቱ ሁሉ ከመጋዘን የወጣ አሮጌ የሶቪየትና የቡልጋሪያ 7.62 በ54፣ ካፕሱሉም (ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው ክፍል) አዛጊ ነው፣ ማለትም ሲተኮስ በርሜሉን የሚያዝግ ጨው ይተዋል። ቦታው ቨርጂኒያ ሲሆን በሰመር እርጥበቱ ከባድ ነው። እስካሁን በርሜሉ ውስጥ ዝገት አልታየም፤ ቆርቆሮውም ገና ግማሽ አለው።

ስለዚህ ልግዛው ወይ ለሚል ሰው መልሱ ግዛው ነው። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ፦ በእነዚህ ስምንት ወራት ጨዉን ያጠበው ውሃ እንጂ ዘይቱ አይደለም። ባሊስቶልን ከሌሎች የጠመንጃ ዘይቶች የሚለየው ከውሃ ጋር መዋሃዱ ነው። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ከተኩስ በኋላ በዘይት ብቻ የሚወለውል ሰው፣ ለውድ ዘይት እየከፈለ በርሜሉን በዝገት ያስበላል።

ነገሩ ከካፕሱሉ ይጀምራል። በአዛጊ ካፕሱል ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎሬት ጥይቱ ሲተኮስ ኦክስጅኑን ይለቅና ፖታሲየም ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል። ይህ የምግብ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ደርቆ እስካለ ድረስ ብዙ አይጎዳም። የአየሩ እርጥበት ሲጨምር ግን ውሃ እየሳበ ብረቱ ላይ ቀጭን የጨው ውሃ ያነጥፋል፣ ዝገቱም ከዚያ ይነሳል። አየሩ ደረቅ በሆነበት ዴንቨር ጥቂት ቀን የሚታገሥ በርሜል፣ ዲሲ አካባቢ በሐምሌ በአንድ ሌሊት ብርቱካናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ባሩዱ የሚተወው ጥቁር እድፍ ሌላ ጉዳይ ነው። እድፉን አጽድቶ በርሜሉ እንደ መስታወት ሲያበራ ያየ ሰው ጨርሻለሁ ይላል፤ ጨዉ ግን ለዓይን አይታይም።

ፖታሲየም ክሎራይድ በውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 34 ግራም ያህል ይሸከማል። ከአንድ ጥይት የሚቀረው ግን በሚሊ ግራም የሚቆጠር ነው። በዘይት፣ በነጭ ጋዝ፣ በአብዛኛው የበርሜል ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ግን አይሟሟም። ዘይት በላዩ ሲቀባ ጨዉ ከሥር ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ እርጥበት ቀስ እያለ ያገኘዋል፣ ዝገቱም ከዘይቱ በታች ይሠራል።

አሞኒያ ጨዉን «ያመክነዋል» የሚለው ወሬም ልክ አይደለም። አሲድ ቢሆን ኖሮ በአልካሊ ይመክን ነበር፤ ፖታሲየም ክሎራይድ ግን አሲድም አልካሊም ያልሆነ ጨው ነው፣ የሚመክን ነገር የለውም። የመስኮት ማጽጃ የረጩ ሰዎች ውጤት ያገኙት ፈሳሹ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ነው። ለዚያ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ይሠራል።

የሶቪየት ጦር ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከሞሲን ጋር የሚሰጠው ትንሽ የቆርቆሮ ዘይት መያዣ በመካከሉ ተከፍሎ ሁለት ክዳን አለው፤ አንዱ ክፍል ለአልካሊ ማጠቢያ፣ ሌላው ለዘይት ነው፣ በየክፍሉም የሩሲያኛ ፊደል ተቀርጿል። መያዣውን ከፍቶ ያየ ሰው ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተው መሠራት እንዳለባቸው ወዲያው ይገባዋል። በኋላ ለክላሽ የታዘዘው ማጠቢያም በአንድ ሊትር ውሃ 200 ግራም አሞኒየም ካርቦኔትና ከ3 እስከ 5 ግራም ፖታሲየም ዳይክሮሜት ነበር። ዳይክሮሜቱ መርዝ ስለሆነ ዛሬ ማንም ቤቱ ውስጥ ሊበጠብጠው አይገባም፤ ዋናው መልእክት ግን ከአንድ ሊትሩ ውሃ ላይ ነው።

ባሊስቶል በጀርመን ከ1904 ጀምሮ ያለ ዘይት ነው። ትንሽ አልካሊነት አለው፤ ውሃ ሲነካው ወዲያው ነጭቶ ወተት ይመስላል። ውሃው ሲተን ዘይቱ ብረቱ ላይ ይቀራል። ለአዛጊ ጥይት የሚሆነው መጠን አንድ እጅ ዘይት በአሥር እጅ ውሃ ነው፤ 10 ሚሊ ሊትር ዘይት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ለአንድ ቀን ተኩስ ይበቃል። ዘይቱን ከፍ ማድረግ ጥቅም የለውም። አንድ ለአንድ ያደረገ ሰው የሚያጥበውን ውሃ ቀነሰ ማለት ነው።

አሠራሩ በሁለት ቦታ ይከፈላል። ተኩስ ሜዳው ላይ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ታይቶ ቦልቱ (በርሜሉን ከኋላ የሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ብረት) ከወጣ በኋላ፣ በወተቱ፣ ማለትም በዘይቱና በውሃው ድብልቅ፣ የረጠቡ ሦስት ጨርቆች ከኋላ ወደ አፈሙዝ ይገፋሉ። የቦልቱ ፊትም ይጠረጋል። ይህ ቤት እስኪደረስ ለማቆየት ነው፤ ሥራው ገና አላለቀም። ጨርቁ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ጥጥ ይሁን። የሞሲን በርሜል 73 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከነቦልት ቤቱ የሚያልፍ ረጅም፣ አንድ ወጥ ዘንግ ያስፈልጋል። ከአፈሙዝ በኩል ያለ መምሪያ የብረት ዘንግ መክተት የድሮ ወታደሮች ስህተት ነው። ብዙ ሞሲኖች አፈሙዛቸው ከውስጥ ተቦርቡሮ የሚገኘው ዘንግ የበላውን ጫፍ መጠገኛ ቤቶች ስላስወገዱት ነው።

ቤት ሲደረስ አንድ ሊትር ውሃ ይፈላል። አፈሙዙ ወደ ታች ባልዲ ውስጥ ይገባል፣ ከኋላ በኩል አጭር የፕላስቲክ ቱቦ የተገጠመለት ፈነል ጥይት ማረፊያው ውስጥ ይገባና ውሃው ሳይቸኮል ይፈሳል። ቱቦው የግድ ነው። ያለ እሱ ውሃው በካዝናውና በምላጩ በኩል ወርዶ ከእንጨቱ ሥር ይተኛል፣ በርሜሉን ከውስጥ ያዳነ ሰው ከውጭ ያዝገዋል። ሌላ ጉዳትም አለ፦ የሶቪየት ሰደፍ የተቀባው በሼላክ ነው፤ ሼላክ ላይ የፈላ ውሃ ሲንጠባጠብ ነጭ ጥላ ይጥልበታል። በርሜሉ በሚታጠብበት ጊዜ እንጨቱን በፎጣ መጠቅለል ይበቃል፤ ሙሉ ለሙሉ ማውጣት ግን ይበልጣል። ለማድረቅ ተብሎ አልኮል መጠቀምም ሼላኩን ያሟሟል።

ለጨዉ መሟሟት ቀዝቃዛ ውሃም ይበቃ ነበር። የፈላው የሚመረጠው በርሜሉን ስለሚያሞቀው ነው። ወፍራም ጓንት ተደርጎ በርሜሉ ሲነካ ሙቀቱ እስከ አፈሙዝ ከተሰማ፣ ውስጡ የቀረው ውሃ በራሱ ይተናል። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ካፈሰሱ ግን በርሜሉ ሳይሞቅ እርጥብ ይቀራል፣ በሩብ ሰዓትም ቀጭን ብናኝ ዝገት ይነሳበታል። ያ ዝገት ከጨው ሳይሆን ከውሃው ነው፤ ዘይት የነካ ጨርቅ ያነሳዋል፣ ጉድጓድም አይተውም። ብዙ ሰው ግን እሱን አይቶ ደንግጦ «ውሃ ጠመንጃ ያበላሻል» ብሎ ወደ ዘይት ብቻ ይመለሳል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል።

ከውሃው በኋላ የነሐስ ብሩሽ በወተቱ ተነክሮ አሥር ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ፣ በመጨረሻም ንጹሕ ባሊስቶል የነካ አንድ ጨርቅ። ብሩሹና ዘንጉም መታጠብ አለባቸው፤ ጨዋማ ብሩሽ ሳይታጠብ ለሁለተኛ ቀን ሲገባ ትናንት የወጣውን ጨው መልሶ ይቀባል። ያገለገለ ጨርቅም ወተቱ ዕቃ ውስጥ ተመልሶ አይነከርም። ጓንት ይደረግ፣ እጅም በሳሙና ይታጠብ፤ በአሮጌ ካፕሱሎች ውስጥ ሜርኩሪና አንቲሞኒ አለ።

ቦልቱ ተለይቶ ይነገር፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነውና። የካፕሱሉ ትንፋሽ ወደ ኋላ ሲያፈተልክ ካፕሱሉን በሚመታው መርፌ ቀዳዳ ገብቶ ሞላው (ስፕሪንጉ) ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ቦልቱ ተፈታትቶ መርፌው፣ ሞላውና የቦልቱ ራስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራሉ፣ በወተቱ ይጠረጋሉ፣ ይደርቃሉ። ሲገጠም የመርፌው ኋላ ላይ ያለው መስመር ከመቀስቀሻው መስመር ጋር መግጠም አለበት። ከዚያ በሞሲኑ መፍቻ ላይ ባሉት 75 እና 95 የተባሉ ጎድጎዶች የመርፌው ርዝመት ይለካል፦ 75ቱ መርፌውን መንካት፣ 95ቱ ሳይነካ ማለፍ አለበት፤ ይህም ከ1.9 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። መርፌው ከዚያ ከረዘመ ካፕሱሉን ይበሳል፣ ትኩስ ጋዝና ጨው ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። በሌላ ጊዜ ያለ ችግር የሠራ ጠመንጃ ለማጽዳት ሲባል ተፈትቶ በስህተት ሲገጠም እንዲህ ይሆናል።

ከበርሜሉ ሥር የተሰካው የብረት መወልወያም ጫፉ ከአፈሙዙ አጠገብ ስለሆነ ጋዙ ይደርሰዋል። ሳንጃ ተሰክቶ ከተተኮሰ የሳንጃው ቀለበት ውስጡ መታጠብ አለበት። እነዚህ ሁለቱ ከበርሜሉ ቀድመው ይዝጋሉ።

በማግስቱ አንድ ደረቅ ነጭ ጨርቅ በበርሜሉ ይተላለፋል። ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ የባሩድ እድፍ ነው፣ አያስጨንቅም። ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ከሆነ ጨው ቀርቷል፤ ዘይት መጨመር ሳይሆን ውሃው መደገም አለበት። የሶቪየት መመሪያ ከተኩስ በኋላ ለ3 ወይም 4 ቀን በየዕለቱ እንዲጸዳ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቴ ታጥቦም ብርቱካናማው ከተመለሰ፣ የጥይቱ መዳብ በበርሜሉ የውስጥ ቦዮች ተለጥፎ ከሥሩ ጨው ይዟል ማለት ነው። ያኔ በመዳብ ማስለቀቂያ መዳቡ ይነሳና እንደገና በውሃ ይታጠባል።

እዚህ ላይ የባሊስቶል ድክመት ይታያል። መዳብን በጣም በዝግታ ነው የሚያነሳው፤ ለዚህ ሥራ አሞኒያ ያለበት ማስለቀቂያ ይበልጠዋል። ጨርቁ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣም ለመፍረድ አይቸኮል፣ የነሐሱ የዘንግ ጫፍ ራሱ ያንን ቀለም ይሰጣል። የሚተወው ሽፋን ቀጭን ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ ለሚወጣ ጠመንጃ በቂ ቢሆንም፣ ስድስት ወር ቁም ሣጥን ውስጥ ለሚቀመጥ ግን እንደ ኮስሞሊን ያለ ወፍራም ቅባት ይሻላል። ወተቱ ሲቆም ይለያያል፤ ከመጠቀም በፊት መናጥ፣ የተረፈውን ለቀጣዩ ወር ከማቆየት ደፍቶ አዲስ መበጥበጥ ይመረጣል። ሽታውም ጠንካራ ነው። ለአንዳንዱ እንደ አኒስ ይሸታል፣ ለሌላው ክፍል ውስጥ አያስቀምጥም፤ መስኮት ክፍት ይሁን። የሚረጨው ዓይነት ተቀጣጣይ ጋዝ ስላለው ከምድጃው አጠገብ አይያዝ። ለዚህ ሥራ ፈሳሹ በሁሉም ይሻላል፣ በሚሊ ሊትር ለክቶ መበጥበጥ የሚቻለው እሱን ብቻ ስለሆነ።

በበጎ ጎኑ ደግሞ እንጨትና ቆዳ አይጎዳም፤ በቦልቱ ሥር ተረስቶ የቀረ የወተት ጠብታ እንኳ ሲደርቅ ዘይት ይተዋል። ንጹሕ ውሃ ግን በዚያው ቦታ ዝገት ነበር የሚተወው። ገንዘቡ የወጣው ለዚች ጠብታ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ክላሽ ወይም ኤስኬኤስ ያለው ሰው በርሜሉ ክሮም ነው ብሎ አይዘናጋ። ክሮሙ በርሜሉንና ጥይት ማረፊያውን ይጠብቃል፤ ጨው የጫነው ጋዝ ግን ወደ ጋዝ ቱቦውና ፒስተኑ ይሄዳል፣ የአፈሙዙን ጥርስም ያገኛል። እነሱ በየጊዜው ወጥተው ይታጠቡ። የዩጎዝላቪያው ኤስኬኤስ፣ 59/66 የተባለው፣ ደግሞ በርሜሉም ክሮም ስለሌለው እንደ ሞሲን ይታጠባል።

ጥይቱ አዛጊ ይሁን አይሁን በቀለሁ ቀለም አይለይም፤ ቀለሁ የነሐስም ይሁን ቀለም የተቀባ ብረት፣ ወሳኙ ካፕሱሉ ነው። ሻጩ «አያዝግም» ብሎ የጻፈበት አሮጌ ሣጥንም አይታመን። ከሣጥኑ አንድ ጥይት ተወስዶ እርሳሱ ይነቀላል፣ ባሩዱ ይደፋል፣ ካፕሱሉ ብቻ የቀረበት ቀለህ ተኩስ ሜዳ ላይ ከአፈሙዙ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ በተቀመጠ፣ በአሸዋ ወረቀት በታሸ የብረት ቁራጭ ላይ ይተኮሳል። አጠገቡ ያልተተኮሰበት ሌላ ቁራጭ ይቀመጣል፣ ሁለቱም እርጥበት ባለበት ቦታ ሁለት ቀን ይቆያሉ። የተተኮሰበት ብቻ ከዛገ መልሱ ታወቀ። ለዚህ ፈተና ያገለገለው በርሜልም ያን ቀን በውሃ ይታጠባል።

ወጪው ቀላል ነው፦ በአንድ ጽዳት 10 ሚሊ ሊትር ለወተቱ፣ 5 ሚሊ ሊትር ለመጨረሻው ቅብ፣ ማለትም አንድ ቆርቆሮ ከ30 ጊዜ በላይ ያገለግላል። ቀጣዩ ተኩስ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ሁለት ደረቅ ጨርቆች ዘይቱን ከበርሜሉና ከጥይት ማረፊያው ያውጡ።