ኬሞን በኤሌክትሪክ ማገዝ፦ አጭር ምት ወይስ ቀኑን ሙሉ የሚለበስ መሣሪያ?

አጭሩ የኤሌክትሪክ ምትም ሆነ የሚለበሰው መሣሪያ ኬሞን (የካንሰር መድኃኒት ሕክምናን) ያግዛሉ፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው።

አጭር ምት የሚጠቀመው ኤሌክትሮኬሞቴራፒ በዋናነት ለቆዳ የካንሰር እጢዎች ነው። ብሊዮማይሲን የተባለው መድኃኒት በራሱ ወደ ሴል ለመግባት ይቸገራል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ እጢው ላይ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ይለቀቃሉ፤ ብዙ ጊዜ 8 ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 100 ማይክሮ ሰከንድ። የሴሉ ሽፋን ለጊዜው ይበሳሳል፤ መድኃኒቱም ሰተት ብሎ ይገባል። ምቱ ያማል፣ ማደንዘዣ ይፈልጋል።

ሌላው፣ የሚለበሰው መሣሪያ፣ ግሊዮብላስቶማ ለተባለው ከባድ የአንጎል ካንሰር ነው። በተላጨ ራስ ላይ ተለጥፎ፣ በ200 ኪሎኸርዝ ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ የካንሰር ሴሎችን መባዛት ያውካል። በ2017 በታተመ ጥናት፣ ይህን ቴሞዞሎማይድ ከተባለው የኬሞ መድኃኒት ጋር ካገኙት ግማሾቹ ከ20.9 ወር በላይ ኖረዋል። ኬሞ ብቻ ለወሰዱት 16 ወር ነበር። በቀን 18 ሰዓት መልበስ አድካሚ ነው። ግን አምስት ወር ለአንድ ቤተሰብ ስንት ነገር ነው!