ስሟን ለማልጠራት ሲስተር ምስጋና፣ ለእህቶቼም ጥቆማ

ቡሬ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ የአእምሮ ጤና ክፍል ውስጥ የምትሠራ ነርስ አለች። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ዛሬ ልጆቼን አቅፌ የማድረው በእሷ ምክንያት ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ሲስተር ብቻ ብያት አልፋለሁ።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ገባ ተብሎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ቀጥሎም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ፣ ባለቤቴ የሚያሽከረክረው ሚኒባስ ቆመ። ዱላው ከዚያ በፊትም ነበር፤ ግን ቀን ሥራ ስለሚውል እፎይ የምልበት ሰዓት ነበረኝ። ያችም ሰዓት ቀረች። ሥራ መፍታቱን ሰበብ አድርገው የሚከራከሩለትን አልቀበልም፤ በዚያ ወቅት ሥራ የፈታ ወንድ በየቤቱ ነበር፣ ሁሉም ሚስቱን አልደበደበም። እናቴ ዘንድ እንዳልሸሽ ያለችው እንጅባራ ነው፤ ከተማዋ ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ታግዶባት ነበር። ቡናው ቀረ፣ ማኅበሩ ቀረ፣ ጎረቤት ፊቴን የሚያይበት አጋጣሚ ሁሉ ቀረ። ብቅ ስልም ያበጠ ጉንጬን ማስኩ ይሸፍነው ነበር። እንቅልፍ ከዳኝ፣ እህል አልወርድ አለኝ፣ ልጆቼ ሲጠሩኝ እንኳ አልሰማም።

ያላንኳኳሁት በር የለም። ሽማግሌዎች «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም፤ ለልጆችሽ ስትይ ቻይ» ብለው መልሰው አስገቡኝ፤ እሱ ባሰበት። አቤት ያልኩበት ቦታ «አሁን የኮሮና ጊዜ ነው፣ ሌላ ጊዜ ነይ» አለኝ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ባለቤቴም አጠገቤ ቆሞ በእኔ ፋንታ እየመለሰ፣ ጨጓራ ነው ተብዬ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ጨጓራ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሲስተር ዘንድም የሄድኩት ከእሱ ጋር ነው። በሩ ላይ ስንደርስ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ እሱን አየችው። «ወንድሜ፣ በኮሮና ምክንያት አንድ አንድ ሰው ብቻ ነው የምናስገባው፤ እዚያ ዛፉ ሥር ይጠብቁ» አለችው፣ ረጋ ብላ፣ በአክብሮት። ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። በሩን ዘጋችና «እህቴ፣ ቤት ውስጥ የሚመታሽ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ፤ አላቻኮለችኝም። ስወጣ እሱ ቢያነበው እንዳይጠረጥር የቀጠሮ ካርዴ ላይ «የደም ግፊት ክትትል» ብላ ጻፈችልኝ። ደሜን እንኳ አልለካችም! በዚያ ካርድ ሰበብ ነው ሳይከለክለኝ የተመላለስኩት።

ስለ ሕክምናው የማውቀው ጥቂት ነው። ኪኒን ነበረው፤ ከኪኒኑ ይልቅ ግን ንግግሯ ነው ያዳነኝ። እንቅልፌ ተመለሰ። በትዳር ውስጥ መደብደብም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 እንደሚያስጠይቅ የሰማሁት ከእሷ ነው። የጉዳት ማስረጃ አጽፋልኛለች፤ ፖሊስ ዘንድም የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ከሚያየው ክፍል ጋር አገናኝታኛለች። ፍቺው ብዙ አንከራቶኛል፤ እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

እህቶቼ፣ ሂዱ። እናቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «እብድ ትባያለሽ» የሚላችሁን አትስሙ፤ እኔም ተብዬአለሁ፣ ይኸው ቆሜ እየሠራሁ ልጅ አሳድጋለሁ። እንደ ሲስተር ያለ ባለሙያ በየጤና ጣቢያው ቢኖር ስንቷ በዳነች! ቦታውንና ቀኑን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ስልካችሁን እሱ የሚከፍተው ከሆነ ግን በምታምኑት ሰው ስልክ ጻፉልኝ። የመሳፈሪያ ገንዘብ የቸገራትም ሳትሳቀቅ ትንገረኝ።