ኢምዲስክ ቱልኪት፦ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ካሽ

ካሽ ብራውዘሩ ከየገጹ ያወረደውን ምስልና ፋይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው፤ ራም ዲስክ ላይ ከተደረገ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ራም ዲስክ ከራሙ ላይ ተቆርሶ ዊንዶውስ እንደ ተራ ድራይቭ የሚያየው ቦታ ነው። ነፃው ኢምዲስክ ቱልኪት ይህን በደቂቃ ውስጥ ይሠራል፤ መጠኑንና የድራይቩን ፊደል ትሰጡታላችሁ፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዲነሣ የሚለውን ምልክት ታደርጋላችሁ፣ አበቃ። 8 ጊጋባይት ራም ላለው ኮምፒውተር 512 ሜጋባይት ይበቃል። ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ብራውዘሩ ራሱ ቦታ ይጠበዋል።

ለፍጥነት ብላችሁ ከሆነ ብዙ አትጠብቁ። በሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ልዩነቱ ይታያል፤ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ካላችሁ ግን ገጹን የሚያዘገየው ኔትወርኩ እንጂ ዲስኩ አይደለም። ጭራሽ ካሹ በየቀኑ ባዶ ስለሚጀምር ትናንት የወረደው ምስል ዛሬ እንደገና ይወርዳል፤ በሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ይህ ከኪስ የሚወጣ ብር ነው። የሚያዋጣው ብዙ ሰው በሚጋራው ማሽን ላይ ነው። የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ማታ ሲዘጋ ደንበኞች ያዩት ፎቶ ካሽ ውስጥ ተቀምጦ አያድርም።

ክሮም ላይ ሾርትከቱን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ግቡና «ታርጌት» በሚለው መስመር መጨረሻ አንድ ስፔስ ትታችሁ «--ዲስክ-ካሽ-ዲር=አር፡\ካሽ» የሚለውን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ «አር» ለራም ዲስኩ የሰጣችሁት ፊደል ነው። ስህተት የሚበዛው እዚህ ጋ ነው። ክሮም መስኮቱ ተዘግቶም ከጀርባ እየሠራ ከሆነ ትእዛዙን አይቀበልም፤ ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም» ገብታችሁ ከጀርባ መሥራቱን አጥፉት። ኢሜይል ውስጥ ያለ ሊንክ ተጭኖ ሲከፈትም ሾርትከቱ ስለሚታለፍ ካሹ ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል። ፋየርፎክስ ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቅም፦ በአድራሻ መጻፊያው በሚከፈተው «አባውት፡ኮንፊግ» ውስጥ «ብራውዘር.ካሽ.ዲስክ.ኢነብል» የሚለውን ፎልስ ስታደርጉት ካሹን ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ራም ላይ ይይዛል። ፋየርፎክስ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ኢምዲስክ አያስፈልገውም።

ምስጢር ለመጠበቅ ብሎ ለጫነው ትልቁ ቀዳዳ ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሣ የሚያደርገው ፋስት ስታርትአፕ ነው። ሻትዳውን ስትሉ ዊንዶውስ በሲስተሙ ራም ውስጥ ያለውን ወደ ዋናው ዲስክ ስለሚገለብጥ ጠፋ ያላችሁት ካሽ እዚያ ሊቀር ይችላል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ከፍታችሁ «ፓወርሲኤፍጂ /ኤች ኦፍ» በሉት፤ ግልባጩ የሚቀመጥበት የሃይበርኔሽን ፋይልም አብሮ ይሰረዛል። ራም ሲጠብ ደግሞ የራም ዲስኩ ይዘት ዲስክ ላይ ወዳለው ፔጅ ፋይል ሊወርድ ይችላል፤ ኢምዲስክ ላይ «አድቫንስድ» ውስጥ ያለው የኤደብልዩኢ ምርጫ ይህን ይከላከላል።

ኩኪና ሂስትሪ ካሽ ውስጥ ስለሌሉ በዚህ መንገድ አይጠፉም፤ ብራውዘሩ የእናንተን መረጃ በሚያስቀምጥበት ፎልደር፣ ማለት ፕሮፋይሉ ውስጥ ናቸው። ፕሮፋይሉን በሙሉ ወደ ራም ማዛወር ይቻላል፤ ግን መብራት ድንገት ሲሄድ ቡክማርኩም የተቀመጠው ፓስወርድም አብሮ ይሄዳል። ኢምዲስክ ፕሮግራሞች ጊዜያዊ ፋይል የሚያስቀምጡበትን የቴምፕ ፎልደርም ላዛውር ይላችኋል፤ እምቢ በሉት። ትልልቅ ኢንስቶለሮች 512 ሜጋባይቱን ሞልተው መሐል ላይ ይቆማሉ፤ ሪስታርት ጠይቀው የሚቀጥሉትም ሲመለሱ ፋይላቸውን አያገኙትም።