ደሴ ላይ ሰነድ የምታስተረጉሙ፣ ቲቸርን ፈልጉ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ወራት ጠብቄያለሁ። የወንድሜ ጉዳይ እስኪያልቅ አፌን ዘግቼ ነበር። አሁን አልቋል።

ፒያሳ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጎን ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ሰነድ የሚተረጉሙ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ተቀምጠዋል። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ስማቸውን የማልጽፈው «ተዪው» ስላሉኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ጠይቆ ነበር። በፖለቲካ ተፈልጎ ነው ከዚህ የወጣው፤ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። በእጃችን የነበረው አንድ መጥሪያ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም ይላል፤ ክልላችን ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ከወር በኋላ መሆኑ ነው። እሱንና እናቴ ተናግራ እኔ የጻፍኩትን ደብዳቤ አንዱ ጋ በጥድፊያ አስተርጉሜ ላክሁለት።

ከዚያ እምቢታው መጣ። አንዱ ምክንያት መጥሪያው የቆየ ነው የሚል ነው። ለካ ተርጓሚው ጳጉሜን 3 ቀን 2015ን «ሴፕቴምበር 3፣ 2015» ብሎት ኖሯል። አቆጣጠሩን አልቀየረውም! በፈረንጆቹ 2015 እኮ ወንድሜ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበር። እናቴ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡ» ያለችውም «ምሽት 8 ሰዓት» ሆኗል። ወንድሜ ደግሞ በቃለ መጠይቁ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ «ሌሊት 2 ሰዓት» ብሏል። ሁለቱም እውነት ተናግረው ሁለቱም ውሸታም ሆነው ቁጭ አሉ።

ይግባኝ ለማለት 14 ቀን ብቻ ነው ያለው። ጠበቃዋ ይግባኙን በጊዜው አስገባችና «ትርጉሙን አስተካክላችሁ ላኩ» አለች። ቲቸር ጋ የሄድኩት ያኔ ነው። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ገና አልተነሣም ነበር። በመነጽራቸው ላይ ማጉያ ደርበው መጀመሪያ ማኅተሙን አዩት። «የድሮውን ትርጉም አሳዪኝ» አሉ። አንብበው ዝም አሉ። ቀኑን በእርሳስ ከበቡትና በጣታቸው ቆጥረው ጎኑ ላይ «ሴፕቴምበር 8፣ 2023» ብለው ጻፉ።

ከትርጉሙ ሥር አጭር ማብራሪያም አከሉ። ዓመታችን 13 ወር እንደሆነ፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን እንዳላት፣ ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደምናንስ፣ ሰዓታችንም ከንጋት እንደሚጀምር። ያልተነበበላቸውን ፊርማ «የማይነበብ ፊርማ» ብለው ተዉት። መጨረሻ ላይ ትርጉሙ ትክክል ለመሆኑ ቃላቸውን፣ ሙሉ ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ስልካቸውንና ፊርማቸውን አኖሩ። የፊተኛው ተርጓሚ ግን ማኅተም ብቻ መትቶ ነበር የሸኘኝ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ጠበቃዋ በስልክ ስታስረዳኝ፣ በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መፈለግ ብቻውን አይበቃም፤ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነት ወይም በፖለቲካ አመለካከት የተነሣ መሆኑ መታየት አለበት ብላኛለች። መጥሪያው ግን «ለጥያቄ ይፈለጋሉ» ብቻ ነው የሚለው። እኔም «እባክዎ ቲቸር፣ በፖለቲካ ምክንያት የምትል ቃል ጣል ያድርጉባት» አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ያልተጻፈ አልተረጉምም። እውነት ይዛችሁ ለምን ውሸት ትቀላቅሉበታላችሁ?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ወዲያው «አብሽሪ» ብለው ሻይ አዘዙልኝ። «እናትሽን አምጪያቸው» አሉ።

እናቴ ደግሞ ወሬ ስትጀምር ከአያቷ ነው የምትነሣው። «እማማ፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ፤ የሰሙትን ለብቻው እጽፈዋለሁ» እያሉ በትዕግሥት አወጧት። መሃል ላይ መብራት ጠፋ፤ ስልኬን አብርቼ ያዝኩላቸው። ያን ጊዜ ነው እናቴ የሌሊቶቹ ሰዎች «ያ ስብሰባ ላይ የሚናገረው ልጅሽ የታለ?» ብለው እንደጠየቋት የተናገረችው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ይቺ ዐረፍተ ነገር አልነበረችም። እኔው ነኝ «ረዘመ» ብዬ የቆረጥኳት።

ዳኛው ይግባኙን ተቀበሉት። በውሳኔው ላይ ያቺ የእናቴ ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ተጠቅሳለች። የቀኑ ነገርም በማብራሪያው ተፈታ። ሌላው ወገን ወደ ላይኛው ችሎት ለመሄድ የነበረው 14 ቀንም ሲያልፍ ቤታችን ቡና ተፈላ። ለቲቸር ስደውል «እሰይ» አሉና ዘጉት። ስልክ አይወዱም።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ቲቸር ቀርፋፋ ናቸው፤ «ለነገ ይድረስልኝ» ብትሏቸው ይቆጣሉ። አርብ ከጁምዓ በፊት አይገኙም። ዋጋቸው ከሌላው ብዙም አይለይም። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን ዓይኔ እያየ ከኮምፒውተራቸው አጥፍተውታል፤ እንዲህ ላለ ጉዳይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በስልክ የተነሣ ፎቶ አይቀበሉም፤ ዋናውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ቦታውን በውስጥ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። እናታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን ምሳ በልታችሁ ውጡ።