የአልትራሳውንድ ሕክምና ከስፖርት በኋላ ለሚመጣ የጡንቻ ህመም፦ በጎንደር ያገኘሁት አገልግሎት

በጎንደር ማለዳ ለመሮጥ የሚወጣ ሰው ከዳገትና ከቁልቁለት አያመልጥም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ዳገቱ ትንፋሽን ይፈትናል፤ ጭንንና ባትን የሚያሳምመው ግን ከጎሃ ወደ ፒያሳ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ሰውነት ቁልቁል ሲወርድ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትን ይዞ ለማቆም ስለሚታገል በጡንቻው ጭረቶች ላይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል፤ ህመሙም ወዲያው ሳይሆን በማግስቱ ጀምሮ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ይህን ህመም በአልትራሳውንድ እንደሚያስታግስ የሚያስተዋውቅ አንድ የግል የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ማራኪ አካባቢ አለ። ነቀፌታዬ በአብዛኛው ሕክምናውን እንጂ ሠራተኞቹን ስለማይመለከት ስሙን አልጠቅስም።

ክሊኒኩ ንጹሕ ነው፤ አልጋዎቹ በመጋረጃ ተለያይተዋል፤ ተራ የሚጠበቀውም በቀጠሮ ስለሆነ ብዙ አያስቀምጡም። ፎቅ ላይ መሆኑ ግን ጭኑን ታምሞ ለሚመጣ ሰው የሚመች አይደለም፤ በተለይ ተመልሶ ደረጃውን መውረድ ከባድ ነው። የተቀበሉኝ ባለሙያ መሣሪያውን ከመክፈታቸው በፊት ረዘም ላለ ጊዜ መረመሩኝ። ህመሙ በሁለቱም እግር መኖሩን፣ አንዱ ባት ብቻ አብጦና ሞቆ እንደሆነ፣ የሽንቴ ቀለም ወደ ቡና ጠቆር ማለት አለማለቱን ጠየቁኝ። ጥያቄዎቹ በዘፈቀደ የተነሡ አይደሉም፤ የአንድ ባት እብጠት የደም መርጋትን ሊያመለክት ይችላል፤ ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ የሽንት መጥቆር ደግሞ ጡንቻ ክፉኛ ተጎድቶ ኩላሊትን አደጋ ላይ እየጣለ መሆኑን ሊጠቁም ስለሚችል ሁለቱም በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ እንጂ በፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚታከሙ አይደሉም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን በመሆኑ ከተማዋ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚያደርጉ ሰዎች አላጣችም።

ብዙ ሰው አልትራሳውንድ ሲባል የሚያስበው ነፍሰ ጡር እናት የምትታይበትን ምርመራ ነው። ለሕክምና የሚውለው ግን ምስል አያሳይም፤ በአብዛኛው በ1 ወይም በ3 ሜጋኸርዝ የድምፅ ሞገድ ወደ ሰውነት ይልካል። የ1 ሜጋኸርዙ ሞገድ ወደ ውስጥ ጠልቆ ሲገባ የ3ቱ ደግሞ ለቆዳ ቅርብ የሆነውን ክፍል ይደርሳል። ሞገዱ በአየር ውስጥ ማለፍ ስለማይችል በቆዳውና በመሣሪያው ራስ መካከል ጄል ይቀባል፤ የጎንደር ማለዳ ቀዝቃዛ በመሆኑ ጄሉን ለብ ቢያደርጉት መልካም ነበር። ባለሙያው የመሣሪያውን ራስ ሳያቆሙ ቀስ እያሉ ያዞሩታል፤ አንድ ቦታ ላይ ቢቆም ሙቀቱ ተከማችቶ አጥንት ድረስ የሚወጋ ህመም ሊያስከትል ይችላል። እኔ የተሰማኝ ለስላሳ ሙቀት ብቻ ነበር። መሐል ላይ መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር ሲነሣ የቀረውን ደቂቃ ሳይቀንሱ ቀጥለውልኛል።

ሙያዊ አሠራሩ ይህን ያህል የተስተካከለ ሆኖ ሳለ ህመሙ ከመታከሜ በፊት ከነበረው የተለየ አልነበረም፤ የቀነሰውም በራሱ ጊዜ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የመሣሪያውን ራስ ስፋት ማየት ይበቃል። የተለመደው ራስ ሞገድ የሚያወጣው ገጽ 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ በቂ ሙቀት እንዲሰጥ ከተፈለገም ከራሱ ስፋት እጥፍ የማይበልጥ ቦታ ላይ ለደቂቃዎች መሥራት አለበት። ከሩጫ በኋላ የሚታመመው ግን የሁለቱም ጭን ሙሉ የፊት ገጽ፣ አንዳንዴም ባቱና መቀመጫው ጭምር ነው። ይህን ሁሉ በዚያች ትንሽ ራስ ለማዳረስ መሞከር የጓሮ ጎመንን በቡና ሲኒ እንደ ማጠጣት ነው፤ ባለሙያው ሰፊ ቦታ ካዳረሱ ሙቀቱ ይሳሳል፣ ሙቀቱን ካጠበቁ ደግሞ አብዛኛው የታመመ ጡንቻ ሳይነካ ይቀራል።

ጥናቶቹም ቢሆኑ ማስታወቂያውን የሚደግፉ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለዚሁ ህመም ከተደረጉት ሙከራዎች አንዳንዶቹ ጥቂት እፎይታ ሲያሳዩ ሌሎቹ በተከፈተና በተዘጋ መሣሪያ መካከል ልዩነት አላገኙም፤ በ1991 የታተመ አንድ ጥናት እንዲያውም አልትራሳውንዱ ህመሙን እንዳባባሰው አመልክቷል። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ሕክምናው «የተጠራቀመ ላክቲክ አሲድን ያስወግዳል» ይላል። ይህ መነሣት ያለበት ጽሑፍ ነው፤ በሩጫ ጊዜ በደም ውስጥ የሚጨምረው ላክቴት (በተለምዶ ላክቲክ አሲድ የሚባለው) እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለስ በመሆኑ በማግስቱ ለሚሰማው ህመም ምክንያት ሊሆን አይችልም። ባለሙያውን ስጠይቃቸው እርሳቸውም አልተከራከሩኝም፤ ጽሑፉ ከመሣሪያው ሻጭ ጋር የመጣ መሆኑን በፈገግታ ነገሩኝ።

የሚያሳዝነው እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው አሠራር ከምርመራ ክፍሉ ጋር አለመጣጣሙ ነው። ውስጥ ያሉት ባለሙያ ህመሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ እንደሚለቅ ሲነግሩኝ ውጭ ያለው ገንዘብ ተቀባይ የብዙ ጊዜ ሕክምና በአንድነት እንድከፍል ግፊት አደረገብኝ። በራሱ የሚድንን ህመም ለሳምንታት በሚዘልቅ ክፍያ ማከም ለክሊኒኩ እንጂ ለታካሚው አይጠቅምም፤ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላም እንደማይመለስ ደረሰኙ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ባለሙያው የሰጡኝ ምክር ነው። ሙሉ በሙሉ ከመተኛት ይልቅ በደልዳላ መንገድ በዝግታ መራመድን፣ ቁልቁለቱንም በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት መጨመርን መከሩኝ፤ ጡንቻ አንድ ጊዜ ከለመደው በኋላ ያው ርቀት ቀድሞ ያሳምም የነበረውን ያህል አያሳምምምና። እጅን በመጠቀም የሚደረግ ማሸት ህመሙን በመጠኑ እንደሚያቀል ከአልትራሳውንድ የተሻለ ማስረጃ ስላለው፣ ልምድ ያለው የቡድን ወጌሻ ወይም እዚያው ክሊኒክ የሚሰጠው ማሸት ለዚህ ጉዳይ ተመራጭ ነው።

አልትራሳውንዱን አሁንም መሞከር የሚፈልግ ሰው ካለ እርግዝናን፣ ካንሰርን፣ የደም መርጋትን፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያንና የቆዳ መደንዘዝን አስቀድሞ መናገር አለበት፤ አጥንታቸው እያደገ ላለ ታዳጊ ሯጮችም የአጥንት ማደጊያ ባለበት ቦታ ላይ መደረግ የለበትም። ክሊኒኩ የምርመራውን ዋጋ ከሕክምናው ለይቶ ያስከፍላል፤ እንግዳ መቀበያው ላይ «ምርመራ ብቻ» ብሎ መክፈል ይቻላል።